የሰኔው ሰርተፊኬት እና የብሔራዊው ፈተና ውጤት፦ ከባሕር ዳር የሚነሳ የወላጅ ጥያቄ



ሰኔ ሲገባ ባሕር ዳር መልኳ ይለወጣል። ከዘንባባዎቹ ሥር ጋዋን የለበሱ ልጆች ይታያሉ። ከጣና ዳር ፎቶ አንሺ አይጠፋም፤ ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ አጠገብም ቤተሰብ ተሰብስቦ ይነሳል። እናት የልጇን ቆብ ታስተካክላለች። አባት ባጃጁን ጥግ አስይዞ ሰርተፊኬቱን በሁለት እጁ ይዞ ያነበዋል፤ ማንበብ የማይችል ከሆነም ልጁ እንድታነብለት ያደርጋል። «ከክፍሏ አንደኛ» የሚለውን መስመር ሁለት ጊዜ ያስደግማታል።

ይህን ደስታ የሚነቅፍ ሰው ወላጅ መሆንን አያውቅም። ለዐሥራ ሁለት ዓመት ደብተር ሲገዛ፣ ከሱብሒ በኋላ ልጁን ሲቀሰቅስ፣ የራሱን ጫማ ትቶ የልጁን ሲያስጠግን የኖረ ሰው በዚያች ቀን አንገቱን ቀና ቢያደርግ ሐቁ ነው። ለአላህ የምናቀርበው ሹክርም አንዱ መንገድ ኒዕማውን አይቶ መደሰት ነው።

ሆኖም ከዚያች የሰኔ ቀን ጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ወረቀት ይመጣል። ብሔራዊው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን፣ በሰኔ ዋንጫ ይዘው ፎቶ ከተነሱት ልጆች መካከል ብዙዎቹ ስልካቸውን አጥፍተው ክፍላቸውን ይዘጋሉ። አባት ግራ ይጋባል። «አንደኛ ነበረች እኮ!» ይላል። ልጅቷም የምትመልሰው ታጣለች።

ዛሬ ልናነሳው የፈለግነው በእነዚህ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ስላለው ርቀት ነው። በእኛ እይታ የወላጅ ኩራት አማና ነው። ልጁ በእውነት ምን እንዳወቀ ሳይጠይቅ ሰርተፊኬቱ ላይ ብቻ የቆመ ኩራት፣ ልጁን በሰኔ አክብሮ ውጤት በሚመጣበት ቀን ብቻውን ይተወዋል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ነገሩን በስሜት ብቻ እንዳንመለከተው በትምህርት ሚኒስቴር ይፋ ከተደረጉት ቁጥሮች እንጀምር። ከ2014 ዓ.ም. ዙር ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከሰፈራቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መፈተን ጀመሩ፤ የማለፊያው መስመርም 50 በመቶ ሆኗል። በዚያ በመጀመሪያው ዙር ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ዙር ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፤ 5.4 በመቶ። በ2017 ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ 8.4 በመቶ።

ቁጥሩ እያደገ መምጣቱ እውነት ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን በጥንቃቄ እንየው። በእነዚህ አራት ዙሮች የአላፊዎቹ ቁጥር በ19 ሺህ ገደማ ሲጨምር፣ ለፈተና የተቀመጡት ተማሪዎች ቁጥር ደግሞ ከ310 ሺህ በላይ ቀንሷል። የ2017ቱ 48,929 አላፊዎች የተገኙት እንደ 2014ቱ ከ896,520 ተፈታኞች መካከል ቢሆን ኖሮ፣ የማለፊያው መጠን 5.5 በመቶ አካባቢ ይሆን ነበር። ስለዚህ ከዕድገቱ አንዱ ክፍል ከትምህርት የመጣ ሲሆን፣ ሌላው ክፍል የመጣው ከፈተናው አዳራሽ ከጎደሉት ልጆች ነው።

ከጎደሉት ውስጥ የእኛ ክልል ልጆች ይገኙበታል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ምክንያት ከባሕር ዳር ውጭ ባሉ ብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ከትምህርት ገበታ የራቁት ሕፃናት ቁጥር በሚሊዮን የሚቆጠር ሆኗል። ከተማዋ ውስጥ ጋዋን ለብሶ ፎቶ የሚነሳ ልጅ፣ ከእርሱ ጋር 8ኛ ክፍል የተፈተነ የገጠር የአጎቱ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ ቢጠይቅ መልሱ ሊያሳዝነው ይችላል።

አንድ ቁጥር እንጨምር። በ2015 ዙር 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን ቁጥር ስናነብ መጀመሪያ የሚታየን ውድቀቱ ነው። እኛ ግን ሌላ ነገር እናስብ። በእነዚያ 1,328 ትምህርት ቤቶች በእያንዳንዳቸው ከክፍል አንደኛ የወጣ ልጅ ነበረ። ሰርተፊኬት ተሰጥቶታል፤ ጓደኞቹ አጨብጭበውለታል፤ ወላጁም በኩራት ወደ ቤቱ ሄዷል። ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ የደከመው እርሱ ሊሆን ይችላል። የተሰጠው ክብር ግን የለካው ከጎኑ ከተቀመጡት ልጆች አንጻር እንጂ ማወቅ ከሚገባው ነገር አንጻር አልነበረም።

አስተማሪ ሆነን ያየነው

እዚህ ላይ ራሳችንንም ከተጠያቂነት አናወጣም። ጠመኔ ይዘን በቆምንባቸው ዓመታት ማርክ የሞላነው እኛው ነን። ከመቶው ከፊሉ የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራ፣ የደብተር አያያዝና የቡድን ሥራ ነበር። ደብተሩን በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አሳምሮ የያዘ ልጅ ሙሉ ነጥቡን ወስዷል፤ በደብተሩ ውስጥ የተጻፈውን መረዳቱን ግን ሁልጊዜ አልጠየቅነውም። የቡድን ሥራ አንዱ ሠርቶ አምስቱ ሲያገኙ እያወቅን አልፈናል። ክፍሉ በሙሉ እንዳይወድቅብን ፈተናውን ካስተማርናቸው ጥቂት ገጾች ብቻ አውጥተናል። ወላጅ መጥቶ «ልጄ እንዴት ነው?» ሲለን «ጎበዝ ነው፣ ጨዋ ነው» ብለን መልሰናል። ጨዋነቱ እውነት ነበር። ጎበዝነቱን ግን በሚገባ አልለካነውም።

ይህን የምንናገረው ማንንም ትምህርት ቤት ለመክሰስ አይደለም፤ ነገሩ በየቦታው ያለ ነው። አስተማሪው በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ይዞ፣ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት እየተካፈለ፣ ደመወዙ ወር ሳይሞላ እያለቀ ነው የሚሠራው። ግን ውጤቱን የሚሸከመው ልጁ ነው። ብሔራዊው ፈተና የደብተር ውበት አይጠይቅም፤ ከአንድ ሴሚስተር ሁለት ምዕራፍም አያወጣም። ልጁን የማያውቀው ሰው ያወጣው፣ ልጁን የማያውቅ ማሽን የሚያርመው ፈተና ነው። ያኔ ለዓመታት «ጎበዝ» ስንለው የኖርነው ልጅ፣ ቃላችን ሚዛን እንዳልነበረው በአንድ ቀን ያውቃል።

የሚገርመው ይህ በባሕር ዳር መሆኑ ነው። ከተማው እስከ ዛሬ «ፔዳ» ብሎ የሚጠራው ግቢ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 መምህራንን ለማፍራት ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። እርሱና እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ተዋህደው የዛሬውን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አስገኝተዋል። የመምህራን መፍለቂያ በነበረችው ከተማ ያለ ወላጅ የልጁ ማርክ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው መምህር ሊያጣ አይገባም ነበር።

የበኒ ነጃሩ ታዳጊ

ወላጅና ዘመድ በልጅ ዕውቀት መኩራቱ ለእምነታችን እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲገቡ የበኒ ነጃር ሰዎች አንድ ታዳጊ ይዘው እንደቀረቧቸው የሐዲስና የታሪክ ድርሳናት ይነግሩናል። ልጁ ዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ.) ሲሆን ዕድሜው ዐሥራ አንድ ዓመት አካባቢ ነበር። ዘመዶቹ ያቀረቡት በኩራት ነው፤ ከቁርኣን ከዐሥር በላይ ሱራዎችን በቃሉ እንደያዘ ነገሯቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጁ ሲያነብ ሰምተው ተደሰቱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናስተውል። መጀመሪያ ራሳቸው አደመጡት፤ ዘመዶቹ በተናገሩት ብቻ አልተወሰኑም። ቀጥለውም ሥራ ሰጡት። የአይሁዶችን ጽሕፈት ተማር፣ ደብዳቤ ስንጽፍላቸውና ሲጽፉልን የምታነብና የምትጽፍ አንተ ሁን አሉት። ዘይድም በግማሽ ወር ገደማ ተምሮ ጨረሰው። ከዓመታት በኋላ በአቡበክር (ረ.ዐ.) ዘመን ቁርኣንን በአንድ ላይ የማሰባሰብ ታላቅ ኃላፊነት በትከሻው ላይ የወደቀው በዚህ ሰው ነው።

ለባሕር ዳር ወላጅ ከዚህ ታሪክ የምናወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ዘመዶቹ ኮሩ፤ ኩራታቸው አልተነቀፈም። ነገር ግን የልጁ ክብር በጭብጨባ አላበቃም፤ ተደመጠ፣ ተመዘነ፣ ከዚያም የሚቀጥለው ሥራ ተሰጠው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ ነው። ሽልማቱን እንሰጣለን፤ ማዳመጡንና ቀጣዩን ሥራ ግን እንዘለዋለን።

ሌላም የሚጎድል ነገር አለ። ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) ልጃቸው ዩሱፍ ሕልሙን ሲነግራቸው ለወንድሞቹ እንዳያወራ እንደመከሩት ከቁርኣን እናውቃለን። የታላቅ ክብር ምልክት ነበር፤ ግን በቤት ውስጥ ምቀኝነት እንዳያስነሳ ፈሩ። ዛሬ የልጃችንን ማርክ በስሙና በፎቶው ለማያውቀን ሰው ሁሉ በፌስቡክና በቴሌግራም እንበትናለን። በዚያው ቤት ደግሞ አሥራ አምስተኛ የወጣው ታናሽ ወንድሙ ተቀምጦ ያያል። አንዱን ስናከብር ሌላውን መስበር አይገባንም። ደስታን ለዘመድና ለጎረቤት ማካፈል አንድ ነገር ነው፤ ልጅን ማስታወቂያ ማድረግ ሌላ።

ከውኃው ዳር ያሉት ልጆች

ስለ ባሕር ዳር ሙስሊም ልጆች ትምህርት ስናወራ ሁልጊዜ የምንረሳቸው አሉ። ከፎቶ አንሺዎቹ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ እዚያው ጣና ዳር፣ የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ይኖራሉ። በሐይቁ ላይ የምናያትን የደንገል ታንኳ በመሥራት የታወቁት እነርሱ ናቸው። ሙስሊሞች ናቸው፤ አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገረው ሰው የለም። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሳይቀር ስለ እነርሱ ጽፏል። ከከተማዋ በፊት በሐይቁ ዳር የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ዛሬ የሐይቁ ዳርቻ የሆቴልና የመዝናኛ ቦታ እየሆነ ሲሄድ መኖሪያቸው እየጠበበ፣ ደንገሉም እየተመናመነ ነው። ከልጆቻቸው መካከል 12ኛ ክፍል የሚደርሱት ጥቂቶች፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ደግሞ ከእነርሱም ያነሱ ናቸው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደንገል ያጭዳል፣ ዓሣ ይሸጣል፣ ቅርጫት ለገበያ ይሸከማል። በክፍል ውስጥ ደግሞ በስሙ ሳይሆን በጎሳው የሚጠራው ልጅ አጠገቡ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ እውነቱን ለራሳችን እንናገር። እነዚህን ወገኖች የገፋቸው ሌላው ብቻ አይደለም። ቀድሞ ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር «እነርሱ ከእኛ አይደሉም» ብለን አብረን መብላትን፣ በጋብቻ መተሳሰርን የሸሸን ሙስሊሞችም አለን። በአንድ ሶፍ ቆመን ሰግደን ከመስጊድ ስንወጣ ተለያይተናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቢላልን (ረ.ዐ.) ለአዛን ባስነሱበት ዲን ውስጥ ለዚህ ምንም ማስረጃ የለንም።

ከዚያ ሰፈር አንዲት ልጅ ሰርተፊኬት ይዛ ወደ ቤቷ ስትሄድ የአባቷ ኩራት ከማንኛችንም ኩራት በላይ ነው። እርሱ የሄደበት መንገድ ከእኛ ይረዝማል። የእኛ ጀማዓ ግን ያችን ልጅ ያውቃታል? 10ኛ ክፍል ሳለች በሒሳብ ስትቸገር የረዳት ነበረ? እንግዲህ የማኅበረሰባችን ኩራት የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው። ከሀብታም ቤት የወጣ ልጅ ማለፉ ለቤተሰቡ ደስታ ነው። ከውኃው ዳር የመጣች ልጅ ማለፏ ግን ለጀማዓው ምስክር ይሆናል፤ አለማለፏም እንደዚሁ።

ሒጃብና የፈተናው በር

ሴት ልጆቻችንን ካነሳን አንድ የቅርብ ጊዜ ጉዳይ ሳናስታውስ ማለፍ አንችልም። ልጅ አጥንታ፣ ደክማ፣ ደረጃ ይዛም ቢሆን በሩ ላይ ልትመለስ እንደምትችል በ2017 ዓ.ም. ከአክሱም ተምረናል። በታኅሣሥና በጥር ወራት በከተማዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ሙስሊም ተማሪዎች እንዳይገቡ ተከለከሉ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት 159 ተማሪዎች ለ12ኛ ክፍል ፈተና መመዝገብ እንዳልቻሉ አስታወቀ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ የእግድ ትዕዛዝ ወጣ፤ በመቀሌም ሰላማዊ ሰልፍ ተካሄደ።

ለባሕር ዳር አባት ይህ የሩቅ ዜና አይደለም። የልጁን ሰርተፊኬት ይዞ የኮራ አባት፣ ያቺ ልጅ በምስክር ወረቀቷና በሒጃቧ መካከል እንድትመርጥ የምትገደድ ከሆነ ኩራቱ ግማሽ ነው። የአክሱም እህቶቻችን ያሳዩን ነገር ደግሞ ትልቅ ነው፤ መብታቸውን በሕግ አግባብ ጠየቁ፣ ትምህርታቸውንም «በቃን» ብለው አልጣሉም። እኛም ከሁለቱ አንዱን እንዳንጥል እንጠንቀቅ። ስለ ሒጃብ መብት ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ ሒጃቧን ለብሳ የተቀመጠችው ልጅ ፊዚክስ ገብቷት እንደሆነ ካልጠየቅን ሥራውን ግማሹን ብቻ ሠርተናል።

ሃምሳ ያላመጣው ልጅ

በ2017 ዙር ከግማሽ በታች ያመጡት ተማሪዎች 536,953 ናቸው። እነዚህን ሁሉ «ወዳቂ» ብለን የምንጠራቸው ከሆነ አንድ ሙሉ ትውልድ ወደቀ ማለታችን ነው። «የተማረ ይግደለኝ» የሚል ሕዝብ፣ ለመማር ደክሞ ያልተሳካለትን ልጁን ራሱ በቃል መግደል የለበትም።

ውጤቱ በተሰማ ሳምንት በየቤቱ የሚነገሩ ቃላትን እናውቃለን። «አሳፈርከን»፣ «የጎረቤት ልጅ አለፈች አንተ…»፣ «ያን ሁሉ ገንዘብ…»። በሰኔ «ልጄ ጀግና» ያለ አንደበት ሲሆን ይህን የሚለው ልጁ ይሰብራል። ልጁ የሚረዳው የሚወደደው በቁጥር ልክ መሆኑን ነው። ልጁ ከአላህ የተሰጠን አማና እንጂ የማዕረጋችን ማሳያ አይደለም። በሱረቱ ሉቅማን ውስጥ ሉቅማን ልጁን ሲመክር የሚጠራበትን የርኅራኄ አጠራር ሁላችንም እናውቀዋለን። ምክሩ ከባድ ነው፤ ሽርክን፣ ሶላትን፣ ትዕግሥትን፣ ትሕትናን ያነሳል። አጠራሩ ግን አይለወጥም።

መንገዱም አልተዘጋም። ከመስመሩ ብዙም ያልራቁ ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሪሚዲያል ፕሮግራም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት ዕድል ተከፍቷል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። ኤሌክትሪክ፣ ብየዳ፣ ግንባታ፣ ልብስ ስፌት የሐላል እንጀራ ናቸው፤ ዳውድ (ዐ.ሰ.) በእጃቸው ሥራ ይበሉ የነበሩ ነቢይ ናቸው። በድጋሚ መፈተንም ነውር አይደለም። ነውሩ ልጁን ክፍል ዘግቶ እንዲቀመጥ መተው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከወላጅ እንጀምር። ሰርተፊኬት ሲመጣ ከደረጃው በታች ያለውን እናንብብ። አንደኛ የወጣው በስንት ነው? በየትኛው ትምህርት ደከመ? ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ያለፉ ዓመታት የብሔራዊ ፈተና ወረቀት ፈልገን በጁሙዓ ከሰዓት ወይም በእሑድ ጠዋት ሰዓት ይዘን እናስቀምጠው። ራሳችን ማረም ባንችል የሰፈር ተማሪ ያርመዋል። ስንት እንዳገኘ በጊዜው ማወቅ በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ከመደንገጥ ይሻላል። ማንበብ የማይችል ወላጅም «ዛሬ ምን ተማርክ? እስኪ አስረዳኝ» ማለት ይችላል። ማስረዳት ያልቻለ ልጅ ገና አልገባውም ማለት ነው፤ ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም።

ወደ መስጊዶቻችንና መድረሳዎቻችን እንምጣ። ከመግሪብ እስከ ዒሻእና ከዒሻእ በኋላ መብራት ያለበት፣ ጸጥ ያለ ቦታ አለን። በጠባብ ኪራይ ቤት ከአምስት ወንድሞቹ ጋር የሚኖር ልጅ የሚያጠናበት ጥግ የለውም። የመድረሳው አዳራሽ ከቂርኣት ሰዓት ውጭ የጥናት አዳራሽ ቢሆን የሚያስፈልገው ጥቂት ወንበርና አንድ ኃላፊ ነው። ለሴቶች ልጆችም የራሳቸው ቦታና ሰዓት ይመደብላቸው። የቁርኣን ቤት ሰዓትና የትምህርት ቤት ሰዓት ሲጋጩም ኡስታዙና ወላጁ ተነጋግረው ያስማሙ፤ ልጁ ከሁለት ዒልሞች አንዱን በድብቅ እንዲሰርቅ አናድርገው።

በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ያላችሁ ሙስሊም ተማሪዎችም ድርሻ አላችሁ። ከጥቂቶቹ መካከል ሆናችሁ ያንን መስመር የተሻገራችሁ ናችሁ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ከፔዳ ወይም ከፖሊ ወጥታችሁ በአንድ መድረሳ ሒሳብና እንግሊዝኛ ብታስጠኑ ዘካቱል ዒልም ነው። ከምትጀምሩባቸው ሰፈሮች የመጀመሪያው የጣና ዳር ይሁን።

ባለሀብቶቻችንና የመጅሊስ ኃላፊዎቻችን ደግሞ የሽልማት ሥነ ሥርዓታችንን መልሰው ይዩት። ዋንጫና የእጅ ሰዓት መስጠት መልካም ነው። ከአንደኛው ጎን ግን ከፍተኛ መሻሻል ላሳየው፣ ደንገል እያጨደ ለተማረው፣ ከተዘጋ ትምህርት ቤት ተፈናቅሎ መጥቶ ትምህርቱን ላላቋረጠው ልጅም ክብር ይኑር። ሽልማቱም ቢቻል ቀጣይ ሥራ ይዞ ይምጣ፤ የአንድ ዓመት የመጽሐፍ ወጪ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት ክፍያ፣ ወይም ታናናሾቹን የማስጠናት ኃላፊነት። ለዘይድ (ረ.ዐ.) የተሰጠው ዓይነት ሽልማት ያ ነው።

መምህራን ወንድሞችና እህቶች፣ ማርክ ስትሞሉ ወላጁ እንደሚያምናችሁ አስታውሱ። እኛ ዘግይተን ነው የተረዳነው። «ልጅዎ ጨዋ ነው፤ ሒሳብ ግን አልገባውም» የሚለው ዐረፍተ ነገር በ9ኛ ክፍል ሲነገር ጥቂት ያሳዝናል። ሳይነገር ቀርቶ በ12ኛ ክፍል ሲታወቅ ግን ቤት ያፈርሳል።

በመጨረሻም ወደዚያች የሰኔ ቀን እንመለስ። ጋዋኑ ይለበስ፤ ፎቶው ይነሳ፤ ዶሮውም ይታረድ። አባት ሰርተፊኬቱን ሁለት ጊዜ ያስነብብ። ሦስተኛውን ጊዜ ግን ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ «ይህ አንደኝነት ምን ማለት ነው? ምን ቀረህ? ምን ላግዝህ?» ይበል። ይህን የጠየቀ አባት የብሔራዊው ፈተና ውጤት ምንም ይሁን ምን ከልጁ ጎን ይገኛል። ልጁም ከዓመታት በኋላ ዋንጫው የት እንደገባ ሊረሳ ይችላል፤ አባቱ ከጎኑ የተቀመጠባትን ያቺን ምሽት ግን አይረሳም።

አላህ ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። ለትምህርት የደከሙትን ድካማቸውን ይቀበላቸው፤ ያልተሳካላቸውን የተሻለ በር ይክፈትላቸው። ትምህርት ቤታቸው ለተዘጋባቸው ሰላምን ያውርድ። አሚን።

ወላሁ አዕለም።